ፔንሲልቬንያ «ጭንቀት» የሚለውን ቃል ስትጨምር፦ ካናቢስና ፓኒክ አታክ

ጁላይ 20 ቀን 2019 በአሜሪካዋ የፔንሲልቬንያ ስቴት ውስጥ አንድ ዝርዝር በሁለት መስመር ረዘመ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ዝርዝሩ በሐኪም ማረጋገጫ ካናቢስ (ጋንጃ) ለመግዛት የሚያበቁ ሕመሞች የሰፈሩበት ነው። አንዱ አዲስ መስመር ቱሬት ሲንድረም ነበር፤ ሰው ሳይፈልግ ሰውነቱ የሚወራጭበት፣ ድምፅ የሚያወጣበት ሕመም። እሱ ብዙ ወሬ አላስነሳም። ሌላው «የጭንቀት ሕመሞች» ይላል። ሁለት ቃል። እነዚያ ሁለት ቃላት ብዙም ሳይቆዩ ዝርዝሩ ላይ የነበሩትን ሌሎች ሕመሞች ሁሉ ቀደሟቸው።

ይህን ጉዳይ ያነሳሁት ሰው ደጋግሞ ስለሚጠይቀኝ ነው። «ፓኒክ አታክ ይይዘኛል፣ የካናቢስ መግዣ ካርዱን ላውጣ ወይ?» ይሉኛል። ሐኪም አይደለሁም። ግን ፔንሲልቬንያ ላይ የሆነውን በደንብ ያየ ሰው ለጥያቄው ግማሽ መልስ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። «ጭንቀት» ሰፊ ጃንጥላ ነው። ፓኒክ፣ ድንገት የሚመጣው ኃይለኛ የፍርሃት ማዕበል፣ ከሥሩ ካሉት ሕመሞች አንዱ ብቻ ነው፤ ከሁሉም ደግሞ ከካናቢስ ጋር ያለው ነገር በጣም የተወሳሰበው እሱ ነው። ስቴቱ ሲፈቅድ ጃንጥላውን እንዳለ ፈቀደ።

ቃሉ እንዴት ገባ

ሕጉ የወጣው በ2016 ነው። አክት 16 ይባላል። አገረ ገዥው ቶም ዎልፍ ኤፕሪል 17 ላይ ፈረሙበት። መጀመሪያ ዝርዝሩ ላይ 17 ሕመሞች ነበሩ፦ ካንሰር፣ የሚጥል በሽታ፣ ኤችአይቪ፣ ፓርኪንሰን፣ ፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ የሚቀር የአእምሮ ሕመም)፣ አልድን ያለ የሰውነት ሥቃይና ሌሎችም። ሱቆቹ ሥራ የጀመሩት በፌብሩዋሪ 2018 ነው።

ዝርዝሩ የሚያድግበት መንገድ አለው። አማካሪ ቦርድ አለ። አዲስ ሕመም ይጨመር የሚል ሰው ለቦርዱ ያመለክታል። ቦርዱ ይመክርበታል። የመጨረሻው ቃል ግን የጤና ሴክሬተሪው ነው። በጊዜው ያንን ወንበር የያዙት ዶክተር ሬቸል ሌቪን ነበሩ። የሕፃናት ሐኪም ናቸው፤ በፔን ስቴት የሕክምና ኮሌጅ የሕፃናት ሕክምናና የሥነ አእምሮ ፕሮፌሰር ነበሩ። ስለ ጭንቀት የሚያውቁት ከወረቀት ላይ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ጎረቤትም ነበረ። ኒው ጀርሲ በማርች 2018 ጭንቀትን አስገብታለች። ከፔንሲልቬንያዋ ፊላደልፊያ እስከ ኒው ጀርሲዋ ካምደን አንድ ድልድይ ነው። ድልድዩ ማዶ ያለው ሰው በጭንቀት ካርድ ያገኛል፤ ድልድዩ ወዲህ ያለው አያገኝም። እንዲህ ዓይነት ነገር ፖለቲከኛን እንቅልፍ ይነሳል።

ሌቪን ሲፈቅዱ ዝም ብለው በሩን አልበረገዱትም። ካናቢስ ለጭንቀት የመጀመሪያ ሕክምና አይደለም አሉ። የተለመደውን ሕክምናና የምክር አገልግሎት አይተካም፣ ከጎኑ ሆኖ ነው የሚሰጠው አሉ። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ዝቅ፣ የማያሰክረው ሲቢዲ ከፍ ያለ ይሁን፤ ለአጭር ጊዜም ይሁን አሉ። ለልጆችና ለአፍላ ወጣቶች ደግሞ አይመከርም፤ አንጎላቸው ገና እያደገ ነውና።

እኔ እነዚህን ምክሮች ሳነብ የተጻፉት ፓኒክን በሚያውቅ ሰው ነው የሚል ስሜት አደረብኝ። እያንዳንዱ መስመር ልክ ነው። ግን ምክር ነው፤ ግዴታ አይደለም። ከመግለጫው እስከ ሱቁ መደርደሪያ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ምክሩም እየተንጠባጠበ ነው የደረሰው።

ፓኒክ አታክ ምን ያደርጋል

የያዘው ሰው ገለጻ አያስፈልገውም። ላልያዘው ግን እንዲህ ነው። ተቀምጠሃል። ምንም የለም። ድንገት ልብህ ትመታለች፤ መምታት ብቻ ሳይሆን ደረትህን ልታልፍ ትደርሳለች። ትንፋሽ ያጥርሃል። እጅህ ይደነዝዛል፣ ላብ ያጠምቅሃል፣ መሬቱ ይከዳሃል። ከዚያ አንድ ሐሳብ ይመጣል፤ «አበቃልኝ»። አንዳንዱ ልቤ ቆመ ይላል፤ አንዳንዱ ላብድ ነው ይላል። በደቂቃዎች ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ፣ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ከዚያ በራሱ ጊዜ እየበረደ ይሄዳል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ኢመርጀንሲ ነው። ልቡ ይመረመራል። ደሙ ይታያል። ሁሉም ደህና ነው ይባላል። «ደህና ነህ» የሚለው ቃል ደግሞ እንደዚያ ቀን የሚያናድድበት ጊዜ የለም። እየሞትኩ የመጣሁ ሰውዬ ደህና ነኝ?

ቤት ሲመለስ እናት የራሷ ምርመራ አላት። ምች ነው፣ ዓይን ነው፣ ባዶ ሆድህን ወጥተህ ነው። አንዷ ደግሞ «ቡና አብዝተህ ነው» ትላለች። ይቺኛዋ እናት ወደ ትክክሉ ቀርባለች። የፓኒክ ሕመም ላለባቸው ሰዎች አምስት ኩባያ ቡና የሚያህል ካፌይን በአንዴ ሲሰጣቸው ግማሽ ያህሉን ፓኒክ እንደያዛቸው በጥናት ታይቷል። ሕመሙ የሌለበት ሰው ያንኑ መጠን ቢወስድ ልቡ ትንሽ ይፈጥን ይሆናል እንጂ እንዲያ አይሆንም።

ለምን? የፓኒክ ሕመም ጉልበቱ ከልብ ምቱ አይደለም። ከትርጉሙ ነው። ልብ ትፈጥናለች፤ ሰውየው ያንን ያዳምጣል፤ «መጣ!» ይላል፤ በድንጋጤው ልብ የባሰ ትፈጥናለች፤ እሱም የባሰ ይደነግጣል። እሳቱን የሚያራግበው ራሱ የእሳቱ ፍርሃት ነው። ስለዚህ የፓኒክ ሕመምተኛ ቀስ በቀስ ልብ የሚያፈጥን ነገርን ሁሉ መሸሽ ይጀምራል። ደረጃ አይወጣም። ሩካቤ ይፈራል። የተጨናነቀ አውቶቡስ አይሳፈርም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በር አካባቢ ይቆማል። ቡናውን ይተዋል፤ ለሐበሻ ይሄ ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም።

ይህን ሰው ያዙልኝ። አሁን ካናቢሱን ወደ እሱ እናምጣ።

ልብ ላይ የሚደርሰው

ካናቢስ ውስጥ ብዙ ንጥረ ነገር አለ። ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል። ቲኤችሲ የሚያሰክረው ነው። ሩፋኤል መሹላምና ይሂኤል ጋኦኒ እስራኤል፣ ቫይዝማን ኢንስቲትዩት ውስጥ በ1964 ለይተው ያወጡት እሱን ነው። ሲቢዲ አያሰክርም።

ቲኤችሲ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ልብን ማፍጠን ነው። ይሄ በአንዳንድ ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ችግር አይደለም፤ የተለመደ ሥራው ነው። ዘና ብሎ ሶፋ ላይ የተጋደመ ጤነኛ ሰው ላያስተውለው ይችላል። የልቡን ምት ሌት ተቀን የሚያዳምጥ ሰው ግን አያመልጠውም። ስለዚህ ፓኒክ አታክ ራሱ ከካናቢስ የታወቁ ጉዳቶች አንዱ ነው። ጋንጃ አጭሶ «ልሞት ነው» ብሎ ኢመርጀንሲ የሚገባ ሰው ለሐኪሞች አዲስ አይደለም። መድኃኒቱና ሕመሙ አንድ በር ነው የሚያንኳኩት።

ታዲያ ሰዉ «አረጋጋኝ» የሚለው ውሸቱን ነው? አይደለም። ጉዳዩ መጠን ነው። በ2017 ቺካጎ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። 42 ጤነኛ ፈቃደኞች ነበሩ። ለአንዱ ቡድን 7.5 ሚሊግራም ቲኤችሲ ያለው ክኒን ሰጡ። ለሌላው 12.5። ለሦስተኛው ምንም የሌለበት። ከዚያ የሚያስጨንቅ ሥራ አሠሯቸው፤ ሰው ፊት ቆሞ መናገርና በቃል ሒሳብ መቀነስ። 7.5 የወሰዱት ከሥራው በኋላ የተሰማቸው ውጥረት ቀንሷል። 12.5 የወሰዱት ግን ገና ሥራው ሳይጀመር ስሜታቸው ተበላሸ፤ ሥራውንም ይበልጥ አስፈሪ ሆኖ አዩት።

ልዩነቱን አስተውሉ። አምስት ሚሊግራም ነው። ቁንጥር ጨው እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይመዝናል። በሚያረጋጋውና በሚያስፈራው መካከል ያለው ድንበር ይሄን ያህል ቀጭን ነው፤ እሱም በጤነኛ ሰዎች ላይ።

አሁን ወደ ሱቁ እንሂድ። በአሜሪካ የሕክምና ሱቆች የሚሸጠው የደረቀ አበባ አብዛኛው ከ15 በመቶ በላይ ቲኤችሲ አለው። 20 በመቶ ነው እንበል። 100 ሚሊግራም አበባ ቬፖራይዘር (ሳያቃጥል የሚያተን መሣሪያ) ውስጥ ቢደረግ 20 ሚሊግራም ቲኤችሲ አለበት ማለት ነው። ሁሉም ሳምባ አይደርስም፤ ክኒንና ትነትም አንድ አይደሉም። ቢሆንም «ዝቅተኛ ቲኤችሲ» የሚለውን የሌቪንን ምክር ይዞ የገባ ሰው መደርደሪያው ላይ ብዙ ምርጫ አይጠብቀውም።

የጊዜው ነገርም አለ፤ ይሄ ለፓኒክ ብቻ የሚመለከት ስለሆነ ብዙ አይወራም። ፓኒክ በ10 ደቂቃ ጣሪያ ላይ ይደርሳል ብለናል። የሚዋጥ ክኒን እስኪሠራ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይፈጅበታል። ሲደርስ ለቅሶው ተበትኗል። የሚተነው ደግሞ በደቂቃ ይደርሳል፤ ግን ልብን በፍጥነት የሚያሯሩጠውም እሱ ነው። ስለዚህ በያዘው ሰዓት የሚወሰድ ነገር ተብሎ ሲታሰብ ካናቢስ ወይ ዘግይቶ ይመጣል ወይ ጠብ ይዞ ይመጣል።

ሲቢዲስ? እሱ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ብራዚል ውስጥ በ2011 የወጣ ጥናት ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቃቸውን 24 ሰዎች ንግግር እንዲያደርጉ አድርጎ ፈተነ፤ ግማሾቹ 600 ሚሊግራም ሲቢዲ ወሰዱ፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን። ሲቢዲ የወሰዱት ንግግሩ ላይ በግልጽ ተሽለው ተገኙ። ደስ ይላል። ግን ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ የተፈተነው የሰው ፊት ፍርሃት ነው፤ ፓኒክ አይደለም። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ነው። ሦስተኛ፣ 600 ሚሊግራም ነው። ሱቅ ውስጥ በአንድ ክኒን 10 ወይም 25 ሚሊግራም ሲቢዲ ይዞ የሚሸጠውን ክኒን ሰው «ያው ሲቢዲ ነው» ብሎ ይወስደዋል። አንድ ማንኪያ ሽሮ ቀቅሎ ሠርግ እንደመጥራት ነው።

ሲቢዲ አያሰክርም ማለትም ምንም አይነካም ማለት አይደለም። ለጭንቀት በብዛት የሚታዘዙት ሲታሎፕራምና ኤሲታሎፕራም ከሲቢዲ ጋር ሲወሰዱ ደም ውስጥ ያላቸው መጠን ሊጨምር ይችላል። እነዚህን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር ሲቢዲ ባይደርብ ጥሩ ነው። እኛ ደግሞ ለሐኪም መደበቅ እንወዳለን። ዳማ ከሴ ጠጥቶ የሚደብቅ ሰው ጋንጃውን ይናገራል ብዬ አልጠብቅም።

ሱቁና ወረቀቱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሐኪሙ ካናቢስ አያዝዝም። በፌዴራል ሕግ ካናቢስ ሄሮይን ካለበት መደብ ውስጥ ተመድቦ ስለነበር ሐኪም እንደ አሞክሲሲሊን ጽፎ ሊሰጠው አይችልም። የሚያደርገው ማረጋገጥ ነው። «ይህ ሰው ዝርዝሩ ላይ ያለ ሕመም አለበት» ብሎ ይፈርማል። ፈራሚው ሐኪም ለዚሁ ተብሎ የአራት ሰዓት ሥልጠና ይወስዳል። ታካሚው ለስቴቱ 50 ዶላር ከፍሎ ካርድ ያወጣል። ኢንሹራንስ ለዕቃው አይከፍልም፤ ከኪስ ነው።

የትኛውን ዓይነት፣ ስንት ሚሊግራም፣ በቀን ስንቴ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ሱቅ ውስጥ ነው። ሕጉ ፋርማሲስት ወይም ሐኪም እንዲኖር ያስገድዳል፤ ይሄ ከብዙ ስቴቶች ይሻላል። ቢሆንም ሳንካው ያለበት ቦታ ግልጽ ነው። በ7.5 እና በ12.5 መካከል ያለውን ድንበር የሚያስጠብቅ ሰው ሕመምተኛውን የመረመረው ሰው አይደለም።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በ2020 ፊት ለፊት መገናኘት ቀረ። ማረጋገጫው በስልክና በቪዲዮ መሰጠት ጀመረ። በ2021 የወጣው አክት 44 ያንን ቋሚ አደረገው፤ በአንዴ የሚገዛውንም ከ30 ቀን ወደ 90 ቀን ፍጆታ አሳደገው። ለካንሰር ታማሚ፣ አልጋ ላይ ላለ ሰው፣ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ለፓኒክ ሕመምተኛ ግን ሁለት ገጽ አለው። ከቤት መውጣት የሚፈራ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ማረጋገጫ ያገኛል። መውጣት ደግሞ የሕክምናው ግማሽ ነበር።

ቁጥሩ የት ደረሰ? ጭንቀት ከመጨመሩ በፊት ከማረጋገጫዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለማይለቅ የሰውነት ሥቃይ ነበር። ከተጨመረ በኋላ የሥቃዩ ድርሻ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወረደ። ጭንቀት 60 በመቶ አካባቢ ደረሰ። (አንድ ማረጋገጫ ከአንድ በላይ ሕመም ሊይዝ ስለሚችል ድምሩ ከመቶ ቢያልፍ አይግረማችሁ።) «የመጀመሪያ ሕክምና አይደለም» ተብሎ የተፈቀደው ነገር ሰው ወደዚህ ፕሮግራም የሚገባበት ዋናው በር ሆነ።

ሰዎቹን ማሾፍ ቀላል ነው

አንዳንዱ ይህን ቁጥር ሲያይ «ሰበብ ነው፣ ማጨስ ፈልገው ነው» ይላል። ጥቂቱ ይሆናል። ግን ሌላውን አስቡት። ቴራፒስት ቀጠሮ ለማግኘት ወራት ጠብቋል። የታዘዘለት ክኒን እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭራሽ ጭንቀቱን ያባብስበታል። ቶሎ የሚሠሩት እንደ ዛናክስ ያሉት ደግሞ ሱስ ያስይዛሉ፤ ሐኪሞች አሁን አሁን ለመጻፍ እጃቸው ይከብዳል። በዚህ መሃል በሌሊት ከእንቅልፉ ብድግ ብሎ ደረቱን ይዞ የሚያድር ሰው አለ። «ተፈጥሮ ነው፣ ቅጠል ነው» ሲባል ቢሰማ አይፈረድበትም።

ከዚያም ወሰደውና ተሻለው። ምስክርነቱ እውነት ነው። የማልስማማው ከትርጉሙ ጋር ነው። ፓኒክ አታክ በራሱ ይቆማል። ያለ ምንም ነገር ይቆማል። በአምስተኛው ደቂቃ የተወሰደ ነገር ሁሉ በአስራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ምስጋናውን ይወስዳል፤ ካናቢስም ሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ጤና አዳም። ችግሩ ያ ምስጋና ነው። አንጎል የሚማረው «ይሄን ባልወስድ ኖሮ ሞቼ ነበር» የሚለውን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃው ኪስ ውስጥ ከሌለ ፍርሃቱ በዕጥፍ ይመጣል።

ይህን በካናቢስ ላይ ብቻ እየደፈደፍኩ አይደለም። በ2000 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የፓኒክ ሕመም ያለባቸውን 312 ሰዎች ከፋፍሎ አከመ። ለአንዳንዶቹ ኢሚፕራሚን የሚባል የታወቀ መድኃኒት ሰጠ፣ ለአንዳንዶቹ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (አስተሳሰብንና ልማድን የሚለውጥ የምክር ሕክምና)፣ ለአንዳንዶቹ ሁለቱን አንድ ላይ። ሕክምናው እየተሰጠ ሳለ ሁሉም ጥሩ ሠሩ። ሕክምናው ሲቆም ግን መድኃኒትና ቴራፒ ባንድ ላይ ከወሰዱት ይልቅ ቴራፒውን ያለ መድኃኒቱ የወሰዱት ጤንነታቸውን ጠብቀው ቆዩ። በደንብ የተፈተነ፣ የሚሠራ መድኃኒት እንዲህ ካደረገ፣ ልብ የሚያፈጥነው ካናቢስ ከቴራፒ «ጎን ለጎን» ሲሰጥ ምን ያደርጋል? ስቴቱ ያለው ጎን ለጎን ነበር።

ካርዱ ራሱ ምን እንደሚያደርግ የፈተነ ጥናትም ወጥቷል። በ2022 የታተመ፣ ቦስተን ያለው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች የሠሩት ነው። ካርድ የፈለጉ 186 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ካርዱን ወዲያው እንዲያወጣ፣ ሌላው 12 ሳምንት እንዲጠብቅ። ካርዱን ያወጡት እንቅልፋቸው ተሻሽሏል። ሥቃይ፣ ጭንቀትና ድብርት ላይ ግን ከጠባቂዎቹ የሚለይ ለውጥ አልታየም። በካናቢስ የመጠመድ ዕድላቸው ግን ወደ ሁለት እጥፍ ተጠግቷል፤ ከፍ ያለው አደጋ ደግሞ ለጭንቀትና ለድብርት ብለው ካርድ የፈለጉት ላይ ነበር።

የተጠመደ ሰው ለማቆም ሲሞክር ምን ይሰማዋል? ብስጭት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት። ለአንድ ሁለት ሳምንት። ይህን ሲያይ «አያችሁ፣ ያለ እሱ አልሆንም» ይላል። ሕመሙ ነው ወይስ ማቆሙ ነው? ለባለቤቱ መለየት በጣም ከባድ ነው።

የእኛ ሰው ሲሆን

ፊላደልፊያ ውስጥ፣ በተለይ በምዕራቡ በኩል፣ ሐበሻ ጥቂት አይደለም። ለእነሱ ይህ ጉዳይ ሌላ ጥግ አለው፤ ሱቁ ውስጥ ማንም አይነግራቸውም።

ጭንቀት ዝርዝሩ ውስጥ ከመግባቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2019፣ የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አንድ መመሪያ አወጣ። ሲቲዝንሺፕ የሚያመለክት ሰው «መልካም ጠባይ» ማሳየት አለበት። በስቴት ሕግ ቢፈቀድም እንኳ ካናቢስ መጠቀምም ሆነ ካናቢስ ቤት ተቀጥሮ መሥራት በፌዴራል ዓይን ጥፋት ስለሆነ፣ ያንን መልካም ጠባይ ሊያሳጣ ይችላል አለ። እንግዲህ አስቡት። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በጁላይ የስቴቱ ዋና ከተማ ሃሪስበርግ ፈቀደችለት። ዋሽንግተን ደግሞ በኤፕሪል አስጠንቅቃዋለች። ሁለቱም በአንድ ዓመት። ስቴቱ የሰጠው ካርድ ለፌዴራሉ ሰውዬ መከላከያ አይሆንም፤ ባሰ ሲል ማስረጃ ይሆንበታል። ስለዚህ ዜጋ ያልሆነ ሰው ከሐኪሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር እላለሁ፤ ማጋነኔ አይደለም።

ሁለተኛው መንጃ ፈቃድ ነው። ስንቱ ወገናችን ነው መሪ ጨብጦ የሚኖረው? ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ይዞ ትራክ የሚነዳ ሰው በፌዴራል ደንብ ይመረመራል፤ ቲኤችሲ ከተገኘበት የሕክምና ካርዱ ሰበብ አይሆንለትም። ትራክ ባይሆንም፣ በፔንሲልቬንያ ሕግ ደም ውስጥ ትንሽ ቲኤችሲ ይዞ ማሽከርከር ሰክሮ እንደማሽከርከር ነበር የሚቆጠረው፤ ካርድ ኖረም አልኖረም። ሰውየው ያጨሰው ትናንት ማታ ይሆናል፤ ስካሩም ለቆታል። ደሙ ግን ገና ይናገራል።

ሦስተኛው አጭር ነው። ካርዱ ስቴቱ ውስጥ ያበቃል። ይዞ አውሮፕላን ላይ ወጥቶ ቦሌ መውረድ የሚያስብ ካለ ባያስበው ይሻለዋል።

ደረጃው ላይ

ሌቪን «ካናቢሱ ከምክር አገልግሎት ጋር ይሁን» ሲሉ የጠቀሱት ነገር ለፓኒክ ምን እንደሚመስል ብዙ ሰው አያውቅም። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስለ ልጅነት ማውራት ይመስለዋል። አይደለም። ቴራፒስቱ ታካሚውን ወንበር ላይ ያሽከረክረዋል፤ እስኪያዞረው። በቀጭን ስትሮ እንዲተነፍስ ያደርገዋል፤ ትንፋሽ እስኪያጥረው። ባለበት ቆሞ እንዲሮጥ፣ ደረጃ ወጥቶ እንዲወርድ ያደርገዋል፤ ልቡ እስክትጮህ። ሆን ብለው ፓኒኩን ይጠሩታል። ከዚያ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ምንም አይወሰድም። ውሃም አይጠጣም። ልብ ትመታለች፣ ትመታለች፣ ከዚያ ትበርዳለች። በሚቀጥለው ሳምንት ይደገማል። ብዙ ጊዜ በደርዘን ገደማ ቀጠሮ ያልቃል።

ይህን ሥራ ደንዝዞ መሥራት አይቻልም። ሰውየው መማር ያለበት ነገር ልቡ ፈጥና በራሷ እንደምትመለስ ነው። ኪሱ ውስጥ ቬፖራይዘር ካለ፣ ደረጃውን ሲወጣ ኪሱን ነው የሚነካካው፤ የዳነውም በኪሱ ይመስለዋል።

ፔንሲልቬንያ ካርዱን ለማውጣት የሐኪም ፊርማና 50 ዶላር ጠየቀች። ደረጃውን ወጥተሃል ወይ ብላ ግን አልጠየቀችም።